ከየካቲት ሃያ ሁለት የተቆጠረ አርባ

ባቡሩ ከዋተር ስትሪት ጣቢያ ሲነቃነቅ ፓ ጆሳያ አንድ እግራቸውን ከመርገጫው፣ ሌላውን ከመድረኩ አድርገው ከትኬት ቆራጩ ጋር ገና ይከራከሩ ነበር።

«እኔ በዚህ መስመር የጣቢያ ሹም ስሆን አንተ እናትህ ጀርባ ላይ ነበርክ» ይሉታል። «ሁለተኛ ማዕረግ ብቀመጥ ማን ይጎዳል?»

«ማንም አይጎዳም ጌታዬ። እኔ ብቻ ከሥራ እባረራለሁ።»

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ውስጥ ሳብኳቸው። ሦስተኛ ማዕረግ ከጥግ እስከ ጥግ በጭስ የደረቀ ዓሣ ቅርጫት ነበር፤ በየቅርጫቱ መካከል ደግሞ ሴቶች። ፓ ጆሳያ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በባቡር በሄዱ ቁጥር የሚያደርጉትን ነጭ የቡሽ ባርኔጣ አውልቀው አግዳሚው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ፓ» አለች ከፊታችን የተቀመጠችው ዓሣ ነጋዴ፣ «ባርኔጣው ለራሱ ትኬት ቆርጧል?»

«ከአንቺ ቅርጫት ያነሰ ቦታ ነው የያዘው።»

«የኔ ቅርጫት ይበላል። እርስዎ ያንን ቀቅለው ሊበሉት ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ፓ ጆሳያም እየሳቁ ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ይህን ጊዜ ነው ሴትዮዋ እኔን ያየችኝ። ከራስ መሸፈኛዬ እስከ ጫማዬ ያለውን ጥቁር በዓይኗ ተከትላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቅር በይኝ እህቴ፤ አላየሁሽም። ባል ነው?»

«ባል ነው።»

«ወታደር?»

«በአውሮፕላን ላይ።»

«አይ የኔ እናት። መቼ?»

ባለፈው ረቡዕ ብትጠይቀኝ ኖሮ አፌ አይያዝም ነበር። አሁን ግን መስኮቱን አየሁ። ወደቡ ላይ ግራጫ የጦር መርከቦች ተሰልፈው ቆመዋል፤ የሐምሌ ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ወርዶ ምሰሷቸውን ነክቷል።

«የካቲት ሃያ ሁለት» አሉ ፓ ጆሳያ በእኔ ፈንታ። «የወንድሜ ልጅ ነው። ባንኮሌ ይባላል። ሳጅን ነበር።»

እሳቸው ገና አልሰሙም ነበር። ሐሙስ የደረሰኝ ደብዳቤ በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የባንኮሌ እናት የሚኖሩበት ዋተርሉ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት አለን፤ በነዚያ ሁለት ሰዓታት ለእሳቸው መናገር፣ ከዚያ ደግሞ እሳቸው ይዘውኝ ወደሚሄዱበት ቤት ገብቼ ለእናቱ ምን እንደማነብላቸው መወሰን ነበረብኝ።

ባንኮሌ መርከብ የተሳፈረው በተጋባን በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው። እንግሊዝ አገር አሰልጥነው ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ አስቀመጡት። ሰባት ሰዎች ይሳፈራሉ፤ ከሰባቱ መብራት የሚፈቀደው ለእሱ ብቻ ነው። በጥቁር መጋረጃ ተጋርዶ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ፣ የት እንደደረሱ በእርሳስ ያሰላል። ናቪጌተር ይሉታል። በሚጽፍልኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ቅዝቃዜው እንጂ ስለ ሌላው አይነግረኝም። ጣቶቹ እየደነዘዙ እርሳሱ እንደሚወድቅበት፣ ስለዚህም እርሳሱን በገመድ አስሮ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለው ጽፎልኛል።

የመጀመሪያው ቴሌግራም ለየካቲት ሃያ ሁለቱ በረራ ወጥቶ አልተመለሰም አለ። ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት ግድም በኋላ መጣ። ቀይ መስቀል ከጠላት ወገን ባገኘው ዝርዝር መሠረት ሰባቱም ሞተዋል የሚል ነበር።

እናቱ ማማ ሬጂና አልተቀበሉም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት ስለሆነ ቴሌግራሙን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

«ያየው ሰው አለ?» አሉኝ።

«ዝርዝር ነው ማማ። ቀይ መስቀል አይዋሽም።»

«አይዋሽም። ይሳሳታል እንጂ።»

እኛ ዘንድ የሞተ ሰው እስከ አርባ ቀን ከቤቱ አይርቅም። በአርባኛው ቀን ይበስልለታል፤ ግቢው ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና ከሚበላው ሁሉ ይቀመጥለታል፤ ውሃና ሩም አረቄ ይፈስለታል፤ ከዚያም ሂድ ይባላል። አርባው ካለፈ በኋላ የሚደረግ ነገር ይደርሰዋል ብሎ የሚያምን የለም። ማማ ሬጂና ግን አላበስልም አሉ። ዘመድ ፈራ። ልጁ መንገድ ላይ ሊቀር ነው ተባለ። ሽማግሌ ሲልኩባቸው እንቢ፣ ቄሱ ሲመጡ እንቢ።

እኔ ኮሌጅ ጨርሻለሁ። ልጃገረዶችን ሒሳብ አስተምራለሁ። ሙታን ባቄላ ይበላሉ ብዬ አላምንም ነበር። ሆኖም ትምህርት ቤት የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አውርጄ ከየካቲት ሃያ ሁለት ጀምሬ በእርሳስ ቆጠርኩ። አርባኛው ቀን ቅዳሜ ሚያዝያ አንድ ላይ ዋለ። ወረቀቱን ይዤ ዋተርሉ ሄድኩና «ማማ፣ ያለዎት አሥር ቀን ነው» አልኳቸው። ለእሳቸው አዝኜ ያደረግሁት ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እንዲያልቅልኝ የፈለግሁት እኔ ነኝ። በየማለዳው ፖስታ አመላላሹን በመጠበቅ ደክሜ ነበር። ለሌላ ሰው እንቢ ያሉት ማማ ሬጂና የእኔን ቁጥር ሲሰሙ ለአርባው ድስት እንዲዘጋጅ አዘዙ።

ያን ቅዳሜ ሟች የሚጠየቅበትን የኮላ ፍሬ የወረወሩት ፓ ጆሳያ ናቸው። ፍሬው አራት ቦታ ይሰነጠቅና ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይጣላል፤ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች ካደረጉ ሟቹ ተቀብሏል ማለት ነው። በመጀመሪያው ውርወራ አራቱም ተደፉ። በሁለተኛው ሦስቱ። በሦስተኛው እንደገና አራቱም። ሰው መሳቅ ጀመረ።

«ባንኮሌ ድሮም ግትር ነው» አለ አንዱ። «ለጥምቀቱስ ቄሱን ነክሶ የለ?»

«ሩም ጨምሩለት፤ እንግሊዝ አገር ለምዶ ይሆናል» አለ ሌላው።

«ተወው ጆሳያ» አሉ ማማ ሬጂና። «እንቢ እያለ ነው።»

«እንቢ ካለማ እየሰማን ነው» አሉ ፓ ጆሳያ፤ እንደገና ወረወሩ።

በዘጠነኛው ሁለቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች ሆኑ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቃሉን መናገር ያለባት እናት ናት። ማማ ሬጂና አፋቸው አልከፈት ብሎ ሲቆሙ ክርናቸውን ይዤ ትንሽ ጫን አልኩ። ከዚያ ተናገሩ። «ባንኮሌ፣ በልተሃል፤ ጠጥተሃል። እንግዲህ ሂድ። ወደ ኋላ አትይ።»

ባቡሩ ኪሲን አልፎ ዌሊንግተን ሲቆም ሴቶቹ በመስኮት ለተቀቀለ ኦቾሎኒ ሊከራከሩ ተነሡ። ቦርሳዬን ከፍቼ ፖስታውን ለፓ ጆሳያ ሰጠኋቸው።

«ምንድን ነው?»

«ሐሙስ ነው የደረሰኝ። ያንብቡት።»

መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ከላይ ያለው ወረቀት የእንግሊዝ የአየር ኃይል ሚኒስቴር ነው፤ እርምት ይላል። ከወደቀው አውሮፕላን ስድስት ሰው ሞቶ ተገኝቷል፤ ሰባተኛው ሳጅን ሲልቫነስ ባንኮሌ ኮከር ከፍርስራሹ ርቆ፣ ሰውነቱ ተቃጥሎ በሕይወት ስለተገኘ ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተወስዷል፤ ስሙ ዘግይቶ ነው የተላለፈው። በዚያም ሆስፒታል ረቡዕ ሚያዝያ አምስት ቀን አርፏል። ለተፈጠረው ስሕተት የሚኒስቴሩን ሐዘን ይቀበሉልን ይላል።

ፓ ጆሳያ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ ከዚያ አራቁ። ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁ።

«አራት ቀን» አሉ።

«አራት ቀን።»

«ቅዳሜ ዕለት በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

«በሕይወት ነበር።»

ሁለተኛው ወረቀት በዚያው ሆስፒታል ከጎኑ ተኝቶ የነበረ የካናዳ ምርኮኛ በእርሳስ የጻፈው ነው። እሳቸው ሲያነቡ የት እንደደረሱ አውቅ ነበር፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ወጣቱ ባንኮሌ እየተሻለው እንደነበር፣ በግራ እጁ ዳማ ይጫወት እንደነበር ጻፈ። ከዚያ እንዲህ ይላል። «በመጨረሻው ቅዳሜ ግን ምግብ ተወ። ሾርባው ሲመጣ ‹እኔ በልቻለሁ› እያለ ድርሻውን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። እስከ መጨረሻውም ለሌላው እንደዚህ አሳቢ ነበር።»

ቁስሉ ያመረቀዘ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። ይህን አውቃለሁ። ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ፣ ዓርብም ቀኑን ሙሉ ይህን አውቅ ነበር።

ፓ ጆሳያ እዚያ ላይ አቆሙ። ገጹን ሳይገልጡ አጠፉት። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ኦቾሎኒው ተገዝቶ፣ ዓሣ ነጋዴዋ እፍኝ ሙሉ ዘርግታ «ይዘግኑ እንጂ ፓ፤ ባርኔጣው አይከለክልም» አለቻቸው። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። እንዴት ያለ ፊት እንዳየች እንጃ፣ እጇን መልሳ ወደ ጓደኞቿ ዞረች።

«በስምንተኛው መተው እችል ነበር» አሉኝ ፓ ጆሳያ።

«አጎቴ።»

«ሩዙ እየቀዘቀዘ ነበር። ቄሱም ባርኔጣቸውን አንሥተው ነበር። ሰው ደግሞ ይስቃል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘጠነኛውም በራሱ ሁለት ለሁለት አልወደቀም። አንዷን ቁራጭ በአውራ ጣቴ ገለበጥኳት።»

ወረቀቶቹን ከእጃቸው ወስጄ ወደ ፖስታው መለስኳቸው።

«አንቺ ቆጠርሽ፣ እኔ ገለበጥኩ» አሉ። «ሬጂና የለችበትም።»

«ሂድ ያሉት እኮ እሳቸው ናቸው።»

«እኛ ስላስባልናት። ይህን ብትሰማ አንድ ቀን አታድርም። ቀኑን አትንገሪያት።»

«መዋሸት ነው።»

«የተዋሸው ሚያዝያ አንድ ነው። ዛሬ ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረን።»

«እሳቸው ትክክል ነበሩ፤ ሁላችንም ተሳስተን። ይህን ማወቅ አይገባቸውም? ደግሞ እውነተኛ አርባው...»

«እውነተኛ አርባው ግንቦት አሥራ አራት አልፏል» አሉ። «እኔም መቁጠር እችላለሁ።»

ዝናቡ ሄስቲንግስ ላይ ያዘን። መስኮቶቹ ተዘጉ፤ ዓሣው ሸተተ። ፓ ጆሳያ ያሉት ምክንያት ሁሉ ትክክል ነበር። ለራሳቸው አውራ ጣት ብለው ይሁን ለሬጂና ብለው ግን እሳቸውም አያውቁትም ነበር። እኔም ስለ ራሴ አላውቅም። በቀን መቁጠሪያው ላይ ያሰመርኩት የእርሳስ መስመር እንዳይታወቅብኝ ነው? ወይስ የአንዲት እናት ልብ ሁለት ጊዜ እንዳይሰበር? ሁለቱን ለያይቼ ማየት ብችል ኖሮ አደርግ የነበረውን ዛሬም አላውቅም።

ዋተርሉ ስንወርድ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ማማ ሬጂና ግቢው ውስጥ በቤት ጫማ ቆመው አንገታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተዋል። ከባሕሩ አጠገብ ካለው የአውሮፕላን ሜዳ አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ ደመናው ውስጥ ገብቷል፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

«ሁለት ሞተር ነው» አሉ ገና በሩን ስከፍት። በጆሮ ነው የሚለዩት። «የእሱ አራት ነበረው። ማነሽ፣ ኮርኔሊያ?»

«እኔ ነኝ ማማ።»

«ከጎንሽ የሚጎተተው የጆሳያ እግር ነው።»

«እኔ ነኝ ሬጂና። እንዴት ዋልሽ?»

«ደብዳቤ ይዛችኋል» አሉ። «ሁለታችሁ አብራችሁ የምትመጡት ወረቀት ሲኖር ነው። ለሰላምታማ አንድ በአንድ ነው የምትመጡት።»

ሳሎን ገብተን ተቀመጥን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተዘርግቷል፤ የሚኖሩት ግን ብቻቸውን ነው። ፓ ጆሳያ ሁለተኛውን ሳህን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

«ኮላው እንቢ ብሎ ነበር» አሉ ማማ ሬጂና። ድምፃቸው ውስጥ መለማመጥ አልነበረም። «ስምንት ጊዜ። እኔ አልዘነጋሁም። በይ አንብቢ። የት ነው ያለው?»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። እንግሊዝኛ ይሰማሉ፤ ስለዚህ ቃል በቃል የማነብ መምሰል ነበረብኝ። ለተማሪዎቼ በማላነብበት ድምፅ፣ ቀስ ብዬ፣ ያልተጻፈውን አነበብኩ። ቀደም ሲል የተላለፈው መረጃ ዳግም ተመርምሮ፣ ሳጅን ኮከር በየካቲት ሃያ ሁለት ከጓዶቹ ጋር ማረፉ ተረጋግጧል። የሚኒስቴሩን ሐዘን ይቀበሉልን።

ማማ ሬጂና ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«የካቲት ሃያ ሁለት» አሉ።

«አዎ ማማ።»

«እንዲያ ከሆነ ኮላው ለምን እንቢ አለ?»

ወደ ፓ ጆሳያ አየሁ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እያዞሩ ነበር።

«የሽማግሌ እጅ ነው ሬጂና» አሉ። «ይንቀጠቀጣል። ባንኮሌ ምን አደረገ? እጄ ነው።»

«እጅህ ነው» አሉ እሳቸው። ከዚያ እየዳበሱ እጄን ፈልገው ያዙት። እጃቸው ሳሙና ይሸታል። «ኮርኔሊያ፣ ልጄ። አንድ ነገር ልናገር። ሦስት ወር ሙሉ በልቤ ስረግምሽ ነበር የከረምኩት። ሳይሞት አስወጣችብኝ፣ በሕይወት እያለ በሩን ዘጋችበት እል ነበር። አንድ ቀን ይመጣና ምን ብዬ እመልስለታለሁ እያልኩ ነበር የማድረው። ያንቺ ቁጥር ትክክል ነበር። ይቅር በይኝ።»

ፓ ጆሳያ ተነሥተው ወደ በረንዳው ወጡ።

«ይቅር በይኝ እንጂ» አሉ ማማ ሬጂና እጄን ነቅነቅ አድርገው።

«ይቅር ብያለሁ ማማ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከተቀመጡበት ሳይነሡ እጃቸውን ዘርግተው ሁለተኛውን ሳህን አገኙና ከራሳቸው ሳህን በታች አደረጉት። ሹካውንና ቢላዋውን ከላዩ ደረደሩ። ለረጅም ጊዜ ሲያደርጉት እንደኖሩት ነገር ቀለል አድርገው ነው ያደረጉት። እንባ አላየሁም። ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀመጡ፤ አውሮፕላኑ ከተነሣበት በኩል እንደገና ድምፅ ሲሰማ አንገታቸውን አላቀኑም።

«ኮርኔሊያ።»

«አቤት ማማ።»

«አባቱ ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ። ውሃ ቀድቼ አፉ ላይ ያደረግሁለት እኔ ነኝ። እናቴንም እንደዚሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የእሱን ዓይን ማን ከደነው?»

ፓ ጆሳያ ያልገለጡት ገጽ ጉልበቴ ላይ ነበር። ካናዳዊው ልጅ ለባንኮሌ እናት ንገሪልኝ ብሎ የጻፈው እዚያ ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ባንኮሌ ስለ ዋተርሉ ሲያወራው እንዳመሸ፣ ካናዳዊውም ሌሊቱን በእርጥብ ጨርቅ የባንኮሌን ከንፈር ሲያርስለት እንዳደረ፣ ንጋት ላይ እጁን ይዞለት እንዳለ የባንኮሌ ትንፋሽ እንደቆመ። አስታማሚዋ ልትሸፍነው ስትመጣ ትንሽ ታገሺ ብሏት ዓይኑን በራሱ እጅ ከድኖታል። እናቱ ብቻውን እንዳልነበረ እንድታውቅ ብቻ ነው ይህን የምጽፈው ይላል። ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

የካቲት ሃያ ሁለት ከሰማይ የወደቀ ሰው ከንፈሩን የሚያርስለት የለም።

«ማንም የለም ማማ» አልኩ። «በአንድ ጊዜ ነው የሆነው።»

«ብቻውን ነበር እንግዲህ።»

«አዎ ማማ» አልኳቸው። «ብቻውን ነበር።»